በሕክምና ምርምር ላይ እንዲሳተፉ ሲጠየቁ፦ ዝርዝር መመሪያ ለታካሚዎችና ለቤተሰቦቻቸው

ጎንደር ላይ ለካላዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ለሚተላለፍ ከባድ በሽታ) ሕክምና የተኛ፣ አዲስ አበባ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ተገኝቶበት የገባ፣ ወይም በሌላ ከፍተኛ ሆስፒታል ለካንሰር ክትትል የሚመላለስ ታካሚ አንድ ቀን ነጭ ጋውን የለበሰ ባለሙያ ቀርቦ «አንድ ጥናት አለን፤ ፈቃደኛ ከሆኑ መሳተፍ ይችላሉ» ሊለው ይችላል። ጥያቄው የሚመጣው ታካሚው በታመመበትና በደከመበት ሰዓት ነው። በዚያ ላይ «እንቢ ብል ዶክተሩ ቅር ይላቸዋል፤ ሕክምናዬም ይጓደላል» የሚለው ይሉኝታና ስጋት ይጨመርበታል። ይህ መመሪያ እንዲህ ያለ ጥያቄ የቀረበለት ሰው ከመፈረሙ በፊት፣ በጥናቱ ውስጥ እያለና ከጥናቱ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለበት በቅደም ተከተል ያስረዳል።

አስቀድሞ አንድ ነገር መለየት አለበት። ሕክምና የሚደረገው እርስዎን ለማዳን ነው፤ ምርምር የሚደረገው ደግሞ ለአንድ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ነው። ሁለቱም በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ሐኪም እጅ፣ አንዳንዴም በአንድ መርፌ ስለሚፈጸሙ ልዩነቱ ለታካሚው ጎልቶ አይታየውም። ስለዚህ ከሌሎች ጥያቄዎች ሁሉ የሚቀድመው «ባልሳተፍ ምን ዓይነት ሕክምና አገኛለሁ?» የሚለው ነው። የዚህን መልስ በግልጽ ያልሰማ ሰው የሚያነጻጽርበት ነገር ስለሌለው የጥናቱን ጥቅምም ሆነ ጉዳት ሊመዝን አይችልም።

ደረጃ 1፦ የቀረበልዎ ጥናት ምን ዓይነት እንደሆነ ይለዩ

ጥናት ሁሉ አዲስ መድኃኒት መሞከር አይደለም። አንዳንዱ ጥናት መጠይቅ መሙላት ብቻ ነው። አንዳንዱ የሕክምና ካርድዎን መዝገብ ማየት ይፈልጋል። ሌላው ትንሽ ደም፣ አክታ ወይም ሰገራ ወስዶ በላብራቶሪ ይመረምራል። ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ክሊኒካዊ ሙከራ የሚባለው ነው፤ በእሱ ውስጥ ተመራማሪው የሚሰጥዎትን መድኃኒት፣ ክትባት ወይም የሕክምና ዘዴ የሚወስነው በጥናቱ ዕቅድ መሠረት ነው።

ክሊኒካዊ ሙከራ በደረጃ ይከፈላል። በመጀመሪያው ደረጃ መድኃኒቱ በጥቂት ሰዎች ላይ፣ ብዙውን ጊዜ በጤነኞች ላይ፣ ጉዳት እንዳያስከትል ይሞከራል። በሁለተኛው ደረጃ በሽታው ባለባቸው ሰዎች ላይ ይሠራ እንደሆነና መጠኑ ስንት መሆን እንዳለበት ይታያል። በሦስተኛው ደረጃ በመቶዎች ወይም በሺዎች በሚቆጠሩ ታካሚዎች ላይ ከተለመደው ሕክምና ጋር ይነጻጸራል፤ አራተኛው ደረጃ ደግሞ መድኃኒቱ ከተፈቀደ በኋላ የሚደረግ ክትትል ነው። «ጥናቱ ስንተኛ ደረጃ ላይ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። መልሱ ከእርስዎ በፊት ስንት ሰው መድኃኒቱን እንደወሰደውና ስለ ጉዳቱ ምን ያህል እንደሚታወቅ ፍንጭ ይሰጣል።

ሦስተኛው ደረጃ ምን እንደሚመስል ከአገራችን ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያለበት ሰው ቀድሞ ሕክምናውን ለ20 ወር ያህል ይከታተል ነበር። ስትሪም የተባለው ጥናት የመጀመሪያ ምዕራፍ ኢትዮጵያን ጨምሮ በአራት አገሮች 424 ታካሚዎችን አሳትፎ፣ ከ9 እስከ 11 ወር የሚፈጅ አጭር ሕክምና ከረጅሙ ጋር ሊመጣጠን ይችል እንደሆነ መረመረ። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው ውጤት መሠረት ሕክምናው የተሳካላቸው በረጅሙ 79.8 በመቶ፣ በአጭሩ 78.8 በመቶ ነበሩ፤ አጭሩ ከረጅሙ እንደማያንስ የታወቀው በዚህ ነው። ሆኖም በኢሲጂ (የልብን እንቅስቃሴ በሚመዘግብ መሣሪያ) የሚታይ የልብ ምት ለውጥ የተገኘው በአጭሩ ሕክምና ላይ ከነበሩት መካከል በበዛ ሰው ላይ ነው። አዲስ የተባለ ነገር ሁሉ ከአሮጌው የተሻለ ነው ብሎ መደምደም የማያዋጣው ለዚህ ነው፤ በእርግጥ የተሻለ መሆኑ ቢታወቅ ኖሮ ጥናቱ ራሱ ባላስፈለገ ነበር።

በሌላ አገር የተፈተነ መድኃኒት ለምን እንደገና እዚህ ይጠናል ብለው የሚጠይቁም አሉ። አንዱ ምክንያት ሰውነታችን መድኃኒትን የሚፈጭበት መንገድ ከሕዝብ ሕዝብ የሚለያይ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩ ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት እንደ ኮዴይን (የሕመም ማስታገሻ) ያሉ መድኃኒቶችን በጉበት ውስጥ የሚለውጠው ኢንዛይም ዘረመል ከተለመደው በላይ ተደጋግሞ እንደሚገኝባቸው አሳይቷል። እንዲህ ባለው ሰው ሰውነት ውስጥ ኮዴይን ከሚጠበቀው በፈጠነና በበረታ ሁኔታ ሞርፊን ወደሚባለው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ይለወጣል። አውሮፓ ውስጥ ብቻ የተደረገ ጥናት ይህን አይነግረንም።

ደረጃ 2፦ ጥናቱ ፈቃድ ያለው መሆኑን ያረጋግጡ

በኢትዮጵያ ሰውን የሚያሳትፍ ማንኛውም የሕክምና ጥናት ከመጀመሩ በፊት በተቋሙ የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ መታየት አለበት፤ እንደ ክሊኒካዊ ሙከራ ያለው ደግሞ በብሔራዊ ደረጃ ላለው ገምጋሚ ኮሚቴ ይቀርባል። አዲስ መድኃኒት ወይም ክትባት ከሆነ ከኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተለየ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የእርስዎ ሥራ ቀላል ነው፤ «የሥነ ምግባር ኮሚቴው የፈቀደበት ደብዳቤ ቁጥርና ቀን የት ላይ ነው?» ብለው ይጠይቁ። በሚሰጥዎት ወረቀት ላይ የኮሚቴው ስምና ስልክ መኖር አለበት። ፈቃዱ በየጊዜው የሚታደስ ስለሆነ ቀኑ ያለፈበት እንዳይሆን መመልከትም ተገቢ ነው።

ክሊኒካዊ ሙከራ ከሆነ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ መመዝገብ ይኖርበታል። በአፍሪካ ውስጥ የሚደረጉ ብዙ ጥናቶች የሚመዘገቡት በፓን አፍሪካ ክሊኒካዊ ሙከራዎች መዝገብ ላይ ሲሆን፣ ሌሎች በአሜሪካ መንግሥት በሚተዳደረው ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ገቭ ላይ ይገኛሉ። የመዝገብ ቁጥሩን ወስደው እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ ወይም ዘመድ በስልኩ እንዲፈልገው ያድርጉ፤ የጥናቱ ዓላማ፣ የሚፈለገው ሰው ብዛትና የሚካሄድበት ሆስፒታል እዚያ ላይ ተጽፎ ያገኘዋል።

ይህን ማጣራት ከመጠን ያለፈ ጥርጣሬ የሚመስለው ሰው የናይጄሪያዋን ካኖ ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1996 በከባድ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ መካከል ፋይዘር የተባለው ኩባንያ ትሮቫን የተሰኘ መድኃኒት በ200 ሕፃናት ላይ በሌላ መድኃኒት እያነጻጸረ ሞከረ፤ 11 ሕፃናት ሞቱ። ቤተሰቦች ልጆቻቸው በሙከራ ውስጥ እንደነበሩ አልተነገረንም አሉ፤ ኩባንያው ጥፋት የለብኝም፣ ሞቱም የበሽታው ነው ሲል ተከራከረ፤ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2009 ከካኖ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። እንደ ማስረጃ የቀረበው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ደብዳቤም በወቅቱ ሆስፒታሉ ኮሚቴ ያልነበረው በመሆኑ ብዙ አነጋግሯል።

«ዛሬውኑ ካልፈረሙ ዕድሉ ያመልጥዎታል» የሚል፣ ለመመዝገብ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ከጤና ተቋም ውጭ ቀጠሮ የሚሰጥ፣ ወይም የወረቀቱን ቅጂ ላለመስጠት የሚያንገራግር ሰው ካጋጠመዎት ወደ ሆስፒታሉ አስተዳደር ሄደው ያጣሩ።

ደረጃ 3፦ ከመፈረምዎ በፊት ያለውን ንግግር በሚገባ ይጠቀሙበት

ብዙ ሰው የስምምነት ቅጹን እንደ ቀዶ ሕክምና ወረቀት ያየዋል፤ ፈርሞ ወደ ጉዳዩ ማለፍ ይፈልጋል። ነገር ግን በዚህ መመሪያ ውስጥ ካሉት ደረጃዎች ሁሉ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህኛው ነው። ፊርማው የንግግሩ ማስረጃ እንጂ ንግግሩን የሚተካ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 7 ማንም ሰው ያለ ነጻ ፈቃዱ የሕክምና ሙከራ እንዳይደረግበት ይከለክላል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ደግሞ ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። ፈቃድ የሚጠይቅዎት ሰው ውለታ እየዋለልዎ አይደለም፤ ሕግ እየፈጸመ ነው።

ንግግሩ እርስዎ በሚገባዎ ቋንቋ መሆን አለበት። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዎ ከሆነ በአፍ መፍቻ ቋንቋዎ የሚያስረዳ ሰው እንዲመጣ ይጠይቁ። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው አሻራውን ከማኖሩ በፊት ወረቀቱ በሙሉ ጮክ ተብሎ ይነበብለታል፤ ከጥናቱ ጋር ግንኙነት የሌለው ምስክርም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብሮ ሰምቶ ይፈርማል። ምስክሩ ከመንገድ ተጠርቶ መጨረሻ ላይ የሚፈርም ከሆነ ምስክርነቱ ምስክርነት አይባልም። ታካሚው ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይፈቅዳል፤ ነገሩን ለመረዳት የደረሰ ልጅ ከሆነም የራሱ እሺታ ይጠየቃል።

ጥሩ የፈቃደኝነት ንግግር እንዴት ያለ ነው? ባለሙያዋ አስረድታ ስትጨርስ ወረቀቱን አትገፋም፤ መልሳ ትጠይቃለች።

«እናቴ፣ እስካሁን የነገርኩዎትን እስቲ በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ።»

«ሁለት መድኃኒት አለ፤ የትኛው እንደሚሻል ገና አታውቁም፤ ለእኔ ከሁለቱ አንዱን ትሰጡኛላችሁ።»

«የትኛው እንደሚደርስዎት ማን ይወስናል?»

«ዶክተሩ ናቸዋ።»

«አይደለም እናቴ፤ ዕጣ ነው። ኮምፒውተር ያወጣዋል፤ እኔም ዶክተሩም መምረጥ አንችልም። አልሳተፍም ቢሉስ?»

«የተለመደውን መርፌ እወስዳለሁ፤ አትቆጡኝም።»

ይህች እናት ከዕጣው በቀር ሁሉንም ተረድታለች፤ ባለሙያዋም ያልገባትን ያወቀችው መልሳ ስለጠየቀች ብቻ ነው። ማንም መልሶ ካልጠየቀዎት እርስዎ ራስዎ «የገባኝን ልንገርዎትና ትክክል መሆኑን ይንገሩኝ» ብለው ይጀምሩ።

ዕጣው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ ስለሆነ ትንሽ ይብራራ። በዕቁብ ሰብሳቢውም ቢሆን ዕጣው ለማን እንደሚወጣ መወሰን አይችልም፤ በጥናትም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ በዕቁብ ዛሬ ያልደረሰው ሰው ውሎ አድሮ የሚደርሰው መሆኑ ነው፤ በጥናት ግን አንዱ ቡድን አዲሱን ሕክምና፣ ሌላው የተለመደውን እንደያዘ ጥናቱ ሊያልቅ ይችላል። አንዳንድ ጥናቶች ተራውን ያስጠብቃሉ። በምሥራቅ ጎጃም ዝሆኔ በተባለው የእግር እብጠት ላይ የተካሄደው ጥናት ወደ 700 የሚጠጉ ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱ ቡድን የእግር አጠባበቅ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ የእግር እንቅስቃሴ ሥልጠናና ጫማ ወዲያው እንዲያገኝ፣ ሌላው ደግሞ ከ12 ወር በኋላ እንዲያገኝ አድርጓል። በዚያ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ቡድን እግር በድንገት እየተነሳ የሚያስተኛው ሕመም ቀንሶ ተገኘ። ስለዚህ «ባይደርሰኝ በኋላ አገኘዋለሁ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ በግልጽ ማንሳት ያስፈልጋል።

ከዕጣው ጋር ሁለት ነገሮች ይያያዛሉ። የመጀመሪያው እርስዎም ሐኪምዎም የትኛውን መድኃኒት እንደሚወስዱ ላያውቁ መቻላችሁ ነው፤ ይህ የሚደረገው ግምት ውጤቱን እንዳያዛባ ነው፤ ለድንገተኛ ችግር ግን ምስጢሩ የሚከፈትበት መንገድ መኖር አለበት። ሁለተኛው ፕላሴቦ የሚባለው፣ መድኃኒት የሚመስል ነገር ግን መድኃኒትነት የሌለው ክኒን ወይም መርፌ ነው። የዓለም ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጣውና እስከ 2024 ድረስ በተደጋጋሚ የተሻሻለው የምርምር ሥነ ምግባር መመሪያ፣ የሄልሲንኪ መግለጫ፣ የሚሠራ ሕክምና ባለበት በሽታ ላይ ታካሚን በፕላሴቦ ብቻ ማቆየትን በጥብቅ ይገድባል። «ፕላሴቦ ሊደርሰኝ ይችላል? ከደረሰኝ ዋናው ሕክምናዬ ይቀጥላል?» ብለው ይጠይቁ።

ወረቀቱን ወደ ቤት ይዘው መሄድና ከትዳር ጓደኛ፣ ከልጆች ወይም ከንስሐ አባት ጋር መመካከር መብትዎ ነው። ድንገተኛ ሕክምና ካልሆነ በስተቀር አንድ ሁለት ቀን የማይታገሥ ጥናት ብዙም የለም። ምክክሩ ግን ውሳኔውን ወደ ሌላ ሰው አያዛውረውም፤ ባል ለሚስቱ፣ የቀበሌ ሹም ለነዋሪው፣ ቀጣሪ ለሠራተኛው ሊፈርም አይችልም። የአካባቢ ሽማግሌዎች ጥናቱ ወደ ሰፈር እንዲገባ ሊስማሙ ይችላሉ፤ የእያንዳንዱ ሰው እሺታ ግን የራሱ ነው።

ደረጃ 4፦ ወጪውን፣ ክፍያውንና ጉዳት ቢደርስ ያለውን ዋስትና ይወቁ

ለጥናቱ ሲባል የሚደረግ ምርመራና የሚሰጥ የጥናት መድኃኒት በነጻ መሆን አለበት። ግልጽ የማይሆነው ከጥናቱ ውጭ ያለው ነው፤ አልጋ፣ ሌላ መድኃኒት፣ በጥናቱ ላይ ያልተጻፈ ራጅ ወይም አልትራሳውንድ በማን እንደሚከፈል አስቀድመው ይጠይቁ። የትራንስፖርትና የምሳ ወጪ መመለስ የተለመደ ሲሆን፣ የቀን ሥራዎን ትተው ለሚመጡበትም ተመጣጣኝ ማካካሻ ሊኖር ይችላል። ከዚህ አልፎ ዓይን የሚያሳውር ገንዘብ ከቀረበልዎ ግን ቆም ብለው ያስቡ፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ክፍያን የሚገድቡት ድህነት የሰውን ውሳኔ እንዳይገዛ ነው።

በጥናቱ ምክንያት ጉዳት ቢደርስብዎ የሚያክምዎ ማን ነው፣ የት ነው፣ እስከ መቼ ነው? የኢንሹራንስ ሽፋን አለ? የሚካሱትስ በምን ሁኔታ ነው? መልሱ በቃል ሳይሆን በወረቀቱ ላይ ተጽፎ ሊያዩት ይገባል።

ደረጃ 5፦ በማጣሪያ ምርመራው ላይ እውነቱን ይናገሩ

መፈረም ማለት መግባት ማለት አይደለም። ቀጥሎ የደም፣ የሽንትና የሌላ ምርመራ ተደርጎ የጥናቱን መስፈርት ማሟላትዎ ይታያል። መስፈርቱ ባያካትትዎ የንቀት ወይም የአድልዎ ጉዳይ አድርገው አይውሰዱት፤ አብዛኛውን ጊዜ ለእርስዎው ደኅንነት የተቀመጠ ነው። ለምሳሌ ለካላዛር የሚሰጠው ሚልቴፎሲን የሚባል የሚዋጥ መድኃኒት ጽንስን ስለሚጎዳ፣ በእሱ ላይ የሚደረግ ጥናት ሴቶችን የእርግዝና ምርመራ እንዲያደርጉና የወሊድ መከላከያ እንዲጠቀሙ ይጠይቃል። እርግዝናን፣ ኤችአይቪን፣ የሚወስዱትን ሌላ መድኃኒት ወይም በሌላ ጥናት ውስጥ መሆንዎን መደበቅ በቅድሚያ የሚጎዳው እርስዎን ነው።

መስፈርት ሰውን ሲያገል ሌላ ጥናት ሊወልድም ይችላል። ኤችአይቪ ያለባቸው የካላዛር ታካሚዎች ለረጅም ጊዜ ከብዙ ጥናቶች ውጭ ተደርገው ስለቆዩ፣ ለእነሱ የሚሻለው ሕክምና የትኛው እንደሆነ በማስረጃ አይታወቅም ነበር። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ባሉት ጎንደርና አብደራፊ በእነሱው ላይ ያተኮረ ጥናት ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ ታተመ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይህንኑና በህንድ የተደረገውን ጥናት ይዞ እ.ኤ.አ. በ2022 በደም ሥር የሚሰጠው አምቢሶምና ሚልቴፎሲን በአንድነት እንዲሰጡ መከረ።

ደረጃ 6፦ በጥናቱ ውስጥ ሳሉ

የቀጠሮ ቀንና ሰዓት ሲሰጥዎት በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ። የጥናት ሰነዶች ብዙውን ጊዜ በፈረንጅ ቀን የተሠሩ ናቸው፤ «ስምንት ሰዓት» ሲባልም ጠዋት ይሁን ከቀትር በኋላ መለየት ያስፈልጋል። ይህ ተራ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በተወሰነ ሰዓት ልዩነት ደም የሚወሰድበት ጥናት ላይ አንድ የተሳሳተ ቀጠሮ ሙሉ ውጤቱን ሊያበላሽ ይችላል።

የጥናቱን ስም፣ የመለያ ቁጥርዎንና 24 ሰዓት የሚሠራ ስልክ የያዘ ካርድ ይሰጥዎታል፤ ከመታወቂያዎ ጋር ያኑሩት። በሌላ ክሊኒክ ወይም ፋርማሲ ሲታከሙ መጀመሪያ የሚያሳዩት እሱን ነው። የተረፈ ክኒንና ባዶ ብልቃጥ አይጣሉ፤ የሚቆጠረው እርስዎን ለማሳጣት ሳይሆን ምን ያህል እንደተወሰደ ለማወቅ ነው። መድኃኒቱን ለታመመ ጎረቤት ማካፈል ደግሞ በምንም ዓይነት አይፈቀድም።

ትኩሳት፣ ሽፍታ፣ ማቅለሽለሽ፣ የልብ ትርታ ወይም የዓይን ችግር ከተሰማዎ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይደውሉ። «መድኃኒቱን ያቋርጡብኛል» ብሎ ዝም ማለት የተለመደ ነው። ነገር ግን ያልተነገረ ጉዳት እንደሌለ ይቆጠርና ከእርስዎ በኋላ መድኃኒቱን የሚወስደው ሰው ሳያውቀው ይጋፈጠዋል።

ጾም ላይ ከሆኑ፣ ረመዳን ከገባ ወይም ጸበል ለመግባት ካሰቡ አስቀድመው ይንገሩ። ሚልቴፎሲንን የመሰለ መድኃኒት ከምግብ ጋር የሚወሰድ ስለሆነ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ማስተካከል ይቻላል፤ በድብቅ መዝለል ግን ጉዳት አለው። ከባህላዊ ሐኪም የወሰዱትን ሥራ ሥርና ቅጠልም አይደብቁ። አስተዋይ ተመራማሪ በዚህ ምክንያት አይቆጣዎትም፤ የሚቆጣ ካጋጠመዎት ደግሞ ጉድለቱ የእሱ ነው።

ደረጃ 7፦ ደምዎና መረጃዎ የት እንደሚደርሱ ይጠይቁ

«ደማችንን ወስደው ውጭ አገር ይሸጡታል» የሚል ወሬ ጥናት ባለበት ሰፈር ሁሉ ይሰማል። ወሬውን በመሳቅ ከማለፍ ይልቅ በጥያቄ መልክ ማቅረብ ይሻላል። በአንድ ቀጠሮ ስንት ቱቦ፣ በጠቅላላው ጥናት ስንት ይወሰዳል? አንድ 5 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ቱቦ የአንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው፤ ደም ለጋሽ በአንድ ጊዜ ከሚሰጠው 450 ሚሊ ሊትር ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ሆኖም የደም ማነስ ላለበት የካላዛር ታካሚ ወይም ለሕፃን ድምሩ ትርጉም ስላለው አጠቃላይ መጠኑን ማወቅ ይገባል።

ናሙናው ወደ ውጭ ይላካል? ከኢትዮጵያ የሚወጣ የምርምር ናሙና ለምን ዓላማ እንደሚውልና ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን የሚገልጽ በተቋማቱ መካከል የተፈረመ የናሙና ዝውውር ስምምነት ያስፈልገዋል። ለወደፊት ለሌላ ጥናት ይቀመጣል? የዘረመል ምርመራ ይደረግበታል? እነዚህን ለየብቻቸው መፍቀድም መከልከልም እንዲችሉ በቅጹ ላይ የተለየ ቦታ ይፈልጉላቸው፤ ዋናውን ጥናት ተቀብሎ ናሙና ማስቀመጥን እንቢ ማለት ይቻላል።

መረጃዎ በስምዎ ሳይሆን በመለያ ቁጥር ይያዛል። ነገር ግን «ማንም አያየውም» የሚል ቃል ትክክል አይደለም፤ የጥናቱ ተቆጣጣሪዎች፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴውና ባለሥልጣኑ ካርድዎን ሊያዩ ይችላሉ። ሕመምዎን ከቤተሰብ የሚሰውሩ ከሆነ ቤት ድረስ መኪና እንዳይመጣ፣ ስልክ ሲደወልም የጥናቱ ስም እንዳይጠራ ያሳውቁ።

ደረጃ 8፦ ለመውጣት ሲፈልጉ

ምክንያት ሳይሰጡ በማንኛውም ቀን መውጣት ይችላሉ፤ መደበኛ ሕክምናዎም አይቋረጥም። መልካሙ አወጣጥ ግን ዝም ብሎ መቅረት ሳይሆን መናገር ነው፤ በድንገት ሲቆሙ የሚጎዱ መድኃኒቶች አሉና የመጨረሻ ምርመራ ተደርጎልዎ ወደ ተለመደው ሕክምና መሸጋገር ይሻላል። እስከዚያ ቀን የተሰበሰበው መረጃ አብዛኛውን ጊዜ በጥናቱ ውስጥ ይቆያል፤ የተቀመጠ ናሙናዎ እንዲወገድ ግን መጠየቅ ይችላሉ። ጥናቱ ራሱም ሊቆም ይችላል፤ በትላልቅ ሙከራዎች ውስጥ ገለልተኛ የባለሙያዎች ቡድን ውጤቱን በየጊዜው እየተመለከተ አንዱ ሕክምና ጎጂ ወይም በግልጽ የተሻለ ሆኖ ሲያገኘው ያስቆመዋል።

ቅሬታ ካለዎት መጀመሪያ ለዋናው ተመራማሪ፣ ካልረኩ በወረቀቱ ላይ ስልኩ ላለው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያቅርቡ። ኮሚቴው የተቋቋመው እርስዎን ለመጠበቅ ስለሆነ ከተመራማሪው ማስፈቀድ አይጠበቅብዎትም።

በውጭ አገር ለሚኖሩ

አሜሪካ ውስጥ የስምምነት ቅጹ ተሳታፊው በሚረዳው ቋንቋ መቅረብ እንዳለበት ደንቡ ያዛል። የአማርኛ ቅጽ ከሌለ በአማርኛ የተዘጋጀ አጭር ቅጽ ቀርቦ ዝርዝሩ በአስተርጓሚ ይነገራል፤ ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ፣ የሆስፒታሉን አስተርጓሚ ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ አብዛኞቹ የግል ኢንሹራንሶች፣ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ፈቃድ ባለው ክሊኒካዊ ሙከራ ውስጥ ያለ ታካሚን የተለመደ የሕክምና ወጪ እንዲሸፍኑ ይጠበቅባቸዋል። ለሲልቨር ስፕሪንግና ለዲሲ ነዋሪዎች ቅርብ በሆነው የቤተስዳ ብሔራዊ የጤና ተቋም ሆስፒታል በጥናት ውስጥ የገባ ታካሚ ለሕክምናው አይከፍልም። በእስራኤል ሆስፒታሎች ውስጥ የሥነ ምግባር ኮሚቴው «የሄልሲንኪ ኮሚቴ» ተብሎ ስለሚጠራ ስልኩን ሲጠይቁ በዚህ ስም ይጠይቁ።

ደረጃ 9፦ ጥናቱ ሲያልቅ

ከመሰነባበትዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ መድኃኒቱ ከጠቀመኝ ማግኘቴን እቀጥላለሁ ወይ? የትኛው ቡድን ውስጥ ነበርሁ? ውጤቱስ መቼና እንዴት ይነገረኛል? የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት መታሰብ እንዳለበት የሄልሲንኪ መግለጫ ስለሚጠይቅ፣ በስምምነት ቅጽዎ ላይ የተጻፈውን አውጥተው ያሳዩ። ቅጂውን እስከ መጨረሻው ማስቀመጥ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ውጤት ቶሎ አይመጣም። በስትሪም የመጀመሪያ ምዕራፍ ታካሚዎች የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2015 ሲሆን ውጤቱ የታተመው በ2019 ነው። በዚህ መካከል ሰው ቤት ይቀይራል፣ ሲም ካርድ ይጠፋበታል፤ ስለዚህ አዲሱን ቁጥርዎን ለጥናቱ ክፍል ያስመዝግቡ፣ የማይቀየር ስልክ ያለው አንድ ዘመድዎንም በተጠሪነት ያስይዙ።